ሰበቃቸው አነስተኛ የሆነ ተሽከርካሪ ፓምፖች ንድፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከባሕር ዳር በቡሬና በፍኖተ ሰላም አድርጎ እስከ ደብረ ማርቆስ በሚዘልቀው መስመር ኑግ የሚጨምቁ፣ ማር የሚያጣሩ፣ ከጉድጓድና ከወንዝ ውሃ እየሳቡ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚያለሙ ሰዎች ስለ ፓምፕ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ተቀራራቢ ናቸው። ጥያቄዎቹ ሲገላበጡ አብዛኞቹ የሚያርፉት አንድ ቦታ ላይ ሲሆን፣ እርሱም በሚዞረው አካልና በማይዞረው ቤት መካከል የሚተወው ክፍተት ስንት ይሁን የሚለው ነው። መልሶቹ የተጻፉት ፓምፕ ለሚነድፉ ተማሪዎች፣ በቶርኖ ቤት መለዋወጫ ለሚያወጡ ባለሙያዎችና ፓምፑን ገዝተው ለሚሠሩበት ሰዎች ነው።

ተሽከርካሪ ፓምፕ የሚባለው የትኛው ነው? የእርሻው የቤንዚን ፓምፕስ ከዚህ ይመደባል?

በምሕንድስና ቋንቋ ተሽከርካሪ ፓምፕ የሚባለው በእያንዳንዱ ዙር የተወሰነ መጠን ያለው ፈሳሽ ከመግቢያው ቆርሶ ወደ መውጫው የሚያሻግር ነው። የማርሽ፣ የክንፍ፣ የሎብና የጠመዝማዛ ፓምፖች ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው፤ ፈረንሳዊው ረኔ ሟኖ እ.ኤ.አ. በ1930 ያስተዋወቀው፣ ጠመዝማዛ ብረት በጎማ እጅጌ ውስጥ የሚዞርበት ፓምፕም እንዲሁ። በጣና ዳርና በወንዞች ዳር የሚታየው ባለ 2 ወይም ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ፓምፕ ግን ውሃውን በፍጥነት አዙሮ የሚወረውር ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ነው። የእርሱ ሰበቃ ሌላ ጠባይ አለው፤ የሚዞረው ሳህን ከውሃው ጋር በመታሸቱ የሚባክነው ኃይል ከፍጥነቱ ኩብና ከሳህኑ ዲያሜትር አምስተኛ ርቢ ጋር አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ክፍተት የተባለው በቀጥታ አይመለከተውም፤ ስለ ማሸጊያ፣ ስለ ኩሽኔታና ስለ ከፍታ የተባለው ግን ይመለከተዋል።

በማርሽ ፓምፕ ውስጥ ሰበቃ የሚነሣው የት ላይ ነው?

ብዙ ሰው ሰበቃው ያለው ሁለቱ ማርሾች በሚነካከሱበት ቦታ ብቻ ይመስለዋል። ፈሳሹም በመካከላቸው የሚያልፍ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ፈሳሹ በጥርሶቹ መካከል ታቁሮ በቤቱ ዙሪያ በውጭ በኩል ይሄዳል፣ የጥርሶቹ መነካከስ ደግሞ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋዋል። ኃይል በብዛት የሚበላው የማርሾቹ ጎን ከግራና ከቀኝ ሽፋኖቹ ጋር የሚታሽበት ገጽ ነው። ከዚያ የጥርስ ጫፎቹና ቤቱ፣ ሻፍቱን የሚሸከሙት ቡሾችና በመጨረሻም የሻፍቱ ማሸጊያ ይከተላሉ።

ቡሾቹ ላይ የሚያርፈው ጫና ከማርሹ ክብደት የሚመጣ አይደለም። በመውጫው በኩል ያለው ግፊት ከመግቢያው ስለሚበልጥ ሁለቱንም ማርሾች ወደ መግቢያው ይገፋቸዋል፤ አንድ አሮጌ ፓምፕ ሲፈታ የቤቱ ግድግዳ በመግቢያው በኩል ብቻ ተፍቆ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ንድፍ አውጪው ይህን ከጅምሩ አስቦ ሻፍቱን አጭርና ወፍራም ካላደረገው ቀሪው ጥንቃቄ ሁሉ ብዙም አይጠቅምም። እንዲሁም ጥርሶቹ ሲነካከሱ በመካከላቸው የሚታፈን ጥቂት ፈሳሽ ስላለ፣ በጎን ሽፋኖቹ ላይ ለእርሱ መውጫ የሚሆን ትንሽ ቦይ መቆፈር ይኖርበታል፤ ቦዩ ከሌለ ፓምፑ ይጮኻል፣ ቡሾቹም ያለ ጊዜያቸው ያልቃሉ።

ክፍተቱን ማስፋት ሰበቃውን አይቀንስም?

ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሚከፈለው ዋጋ ከሚገኘው ጥቅም ይበልጣል። በሁለት ገጾች መካከል ባለ ቀጭን የፈሳሽ ንብር ላይ የሚነሣው ሰበቃ ከክፍተቱ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል፤ ክፍተቱ በእጥፍ ሲሰፋ ሰበቃው ወደ ግማሽ ይወርዳል። በዚያው ክፍተት ሾልኮ ወደ ኋላ የሚመለሰው ፈሳሽ ግን ከክፍተቱ ኩብ ጋር ስለሚያድግ፣ ክፍተቱ በእጥፍ ሲሰፋ ፍሳሹ 8 እጥፍ፣ በሦስት እጥፍ ሲሰፋም 27 እጥፍ ይሆናል። ትናንት ደህና ይሠራ የነበረ ፓምፕ ጥቂት ሲፋቅ በአንድ ጊዜ የሚደክመው ስለዚህ ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። ዲያሜትሩ 60 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱም 60 ሚሊ ሜትር የሆነ ድፍን ሲሊንደር በዙሪያው 0.05 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትቶ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይዞራል እንበል። የገጹ ፍጥነት በሰከንድ 4.7 ሜትር ያህል ነው። ክፍተቱን የሞላው ውሃ ከሆነ በሰበቃ የሚባክነው ኃይል 5 ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ ዝልግልግነቱ (ውፍረቱ) ከውሃ 60 እጥፍ የሚሆን የምግብ ዘይት ከሆነ ግን ወደ 300 ዋት ይደርሳል። (ማርሽ ድፍን ሲሊንደር ስላልሆነና ቤቱን የሚቃረበው በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ስለሆነ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ያንሳል፤ ንጽጽሩ ግን አይለወጥም።) ይህን 300 ዋት ወደ 150 ለማውረድ ክፍተቱን ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ብናሰፋው ፍሳሹ 8 እጥፍ ይሆንብናል። በምትኩ ክፍተቱን ሳንነካ ፍጥነቱን ወደ 750 ዙር ብናወርደው፣ የሰበቃው ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ወደ 75 ዋት ይወርዳል። የሚሻገረው ፈሳሽም በግማሽ ስለሚቀንስ የሚዞረውን አካል ርዝመት በእጥፍ አድርገን እንክሰዋለን፤ ያን ጊዜ ሰበቃው 150 ዋት፣ በዙሪያው የሚሾልከው ፍሳሽ ደግሞ 2 እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ በጎን ሽፋኖቹ የሚሾልከውም አይጨምርም።

ሰበቃው አነስተኛ የሆነ ፓምፕ ሲባል መረዳት ያለብን እንግዲህ ይህን ነው። የላላ ፓምፕ ማለት አይደለም፤ ለሚገፋው ፈሳሽ በተመጠነ ጠባብ ክፍተት ቀስ ብሎ የሚዞር፣ ገዘፍ ያለ ፓምፕ ነው። በርካሽ የሚሸጡት ትንንሽ ፈጣን ፓምፖች በመጀመሪያው ቀን ያተረፉልን ብር በመብራት ሂሳብ ተመልሶ ይወሰዳል።

ለቀጭን ፈሳሽና ለወፍራም ፈሳሽ ክፍተቱ ይለያያል ማለት ነው?

አዎን። ከላይ እንደታየው በውሃ ላይ የፈሳሹ ሰበቃ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ፣ ቶርኖውና ቆሻሻው የፈቀዱትን ያህል ክፍተቱን ማጥበብ ተገቢ ነው። በዘይት ላይ ዝልግልግነቱ ራሱ ፍሳሹን ስለሚገታ መጠነኛ ስፋት መስጠት ይቻላል። ለውሃ የተሠራ ፓምፕ ዘይት ሲገፋ ሞተሩ የሚግለው፣ ለዘይት የተሠራው ደግሞ ውሃ ሲሰጡት አልስብ የሚለው ለዚህ ነው።

የዘይት ቤታችን ፓምፕ ጠዋት ሲነሣ ለምን ይከብደዋል?

ዘይቱ ስለሚወፍር ነው። የአብዛኞቹ የምግብ ዘይቶች ዝልግልግነት ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቁ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ወደ ታች ሲሄድም በዚያው ልክ ይብሳል። በደጋው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከበረደ ማጠራቀሚያ የሚወጣ የኑግ ዘይት ቀን ከሚወጣው እጅግ የከበደ ነው። ሞተሩን የሚመርጥ ሰው የቀኑን ሳይሆን የዚያን ጠዋት ጉልበት ማስላት ይገባዋል። ከሞተር ማሳደግ የሚቀለው ግን ከመጭመቂያው ሞቅ ብሎ የሚወጣውን ዘይት ሳይቀዘቅዝ ወደ ማጣሪያው መግፋት፣ ወይም ፍጥነት መቆጣጠሪያ ካለ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በዝግታ ማስዞር ነው።

የገመድ ማሸጊያ ይሻላል ወይስ ሜካኒካል ሲል?

የገመድ ማሸጊያ፣ በሻፍቱ ዙሪያ የሚጠመጠመው፣ ርካሽ ነው፤ በገጠር ከተማም ይቀየራል። ጉዳቱ ሻፍቱን ተጭኖ የሚያሽግ በመሆኑ ሁልጊዜ ኃይል መብላቱ ነው። በአግባቡ የተጠበቀ የገመድ ማሸጊያ ጠብ ጠብ ማለት አለበት፤ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ያለሰልሰዋል፣ ያቀዘቅዘዋልም። ይህን ጠብታ ጨርሶ ለማቆም ዳዶውን መላልሶ ማጥበቅ በአካባቢያችን እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው። እኔም በጀማሪነቴ ይህንኑ አድርጌ ገመዱ ሻፍቱን እንደ ቀለበት ቦርቡሮት አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት ገመድ ቢገባበት ማፍሰሱን አይተውም፣ ሻፍቱ ራሱ መቀየር አለበት።

ሜካኒካል ሲል ሁለት እጅግ የለሰለሱ ገጾችን፣ በአብዛኛው ካርቦንና ሲሊኮን ካርባይድን፣ በስፕሪንግ ያገናኛል። በመካከላቸው የሚቆየው የፈሳሽ ንብር ውፍረት በማይክሮን የሚለካ ስለሆነ ሰበቃውም ፍሳሹም አነስተኛ ነው። ነገር ግን ሻፍቱ ከወለገደ ወይም ፓምፑ ደርቆ ከዞረ በአጭር ጊዜ ይሰነጠቃል። ሦስተኛው መንገድ ሻፍቱን ከነጭራሹ ወደ ውጭ አለማውጣትና ኃይሉን በማግኔት ማስተላለፍ ነው፤ በዚህ የማሸጊያ ሰበቃ ይጠፋል፣ ሆኖም በሁለቱ ማግኔቶች መካከል ያለው ሽፋን ከብረት ከተሠራ በውስጡ የሚነሣው ኤሌክትሪክ ራሱ ኃይል ያባክናል። ለአንድ አነስተኛ የዘይት ቤት ይህ ሦስተኛው ወጪውን ይመልሳል ብዬ አላምንም።

ቡሹ ከምን ቢሠራ ይመረጣል?

ጀርመናዊው ሪቻርድ ሽትሪቤክ እ.ኤ.አ. በ1902 ይፋ ያደረገው ጥናት ለዚህ ጥያቄ እስካሁን ያገለግላል። ሻፍት ቀስ ሲል ከቡሹ ጋር በቀጥታ ይነካካል፤ ሰበቃውም ከፍተኛ ነው። ፍጥነቱ ወይም የፈሳሹ ዝልግልግነት ሲጨምር ፈሳሹ እንደ ሽብልቅ በመካከላቸው ገብቶ ሻፍቱን ያንሳፍፈዋል፤ ሰበቃውም ቁልቁል ይወርድና ዝቅተኛውን ነጥብ ካለፈ በኋላ እንደገና ቀስ በቀስ ይወጣል። በመነካካት ጊዜ የሰበቃው ጥምርታ (ሰበቃው ለጫናው ሲካፈል) ወደ 0.1 ሲጠጋ፣ ሻፍቱ ሲንሳፈፍ ከ0.01 በታች ይወርዳል። የጥሩ ኩሽኔታ ጥምርታ ደግሞ 0.0015 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ኩሽኔታውን ከፈሳሹ ውጭ አድርጎ በግራሶ ማሠራት የሚቻልበት ንድፍ ካለ እርሱ ይመረጣል። ግራሶውም ከክፍት ቦታው ሢሶ እስከ ግማሽ ብቻ ሊሞላ ይገባል፤ ጢም ብሎ የተሞላ ኩሽኔታ ግራሶውን ሲያቦካ ይግላል።

ቡሽ በፈሳሹ ውስጥ መግባቱ የግድ ሲሆን ለዘይት ነሐስ አስተማማኝ ነው። በውሃ ላይ ሽብልቁ ቀጭን ስለሆነ ካርቦን ወይም ራሱን የሚያለሰልስ ፕላስቲክ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ቶርኖ ቤቶች ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አለ፤ ናይለን ውሃ እየጠጣ ያብጣል። ደረቅ ሳለ በልኩ የተወጣ የናይለን ቡሽ ውሃ ውስጥ ከሰነበተ በኋላ ሻፍቱን ቀፍድዶ ይይዘዋል። ቴፍሎንም በሙቀት የሚሰፋው ከብረት 10 እጥፍ ያህል ስለሆነ ክፍተቱ ሲወሰን ይህ መታሰብ አለበት።

በማርሽ ፓምፕ የወንዝ ውሃ መሳብ ይቻላል?

አይመከርም። የክረምት ወንዞቻችን ከእርሻው አፈር ጠርገው የሚያመጡት ደለል መጠኑ ከ0.002 እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር ሲሆን አሸዋው ከዚያ በላይ ነው። የፓምፑ ክፍተት ደግሞ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከክፍተቱ እጅግ ያነሰ ቅንጣት አብሮ ያልፋል፤ እጅግ የሚበልጠውን ወንፊት ያስቀረዋል፤ ከክፍተቱ ጋር እኩል የሆነው ግን በመካከል ተሰንቅሮ ሁለቱንም ገጽ ይፍቃል። ለወንዝ ውሃ ሴንትሪፉጋሉ፣ ወይም ጎማው ለአሸዋ የሚለሳለሰው የሟኖ ፓምፕ ይሻላል።

ለእጅ ጉድጓድ የሚያገለግለው የገመድ ፓምፕስ?

የገመድ ፓምፕ በንድፍ ረገድ ከብዙ ውድ ፓምፖች ይልቅ የሚያስተምር ይመስለኛል። በገመድ ላይ የተሰኩ ክብ ቁራጮች በፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ እየወጡ ውሃውን ይገፋሉ፤ ማዞሪያው መዘውር ብዙውን ጊዜ ከአሮጌ ጎማ ጠርዝ ይሠራል። ቁራጮቹ ቧንቧውን አጥብቀው አይነኩም፤ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ክፍተት ይተዋሉ። ግፊቱ በብዙ ቁራጮች ላይ ስለሚከፋፈል በእያንዳንዱ የሚሾልከው ጥቂት ነው፤ የሾለከውም ውሃ ያለሰልሳል።

አንድ ጎልማሳ ሳይታክት 60 ዋት ያህል ኃይል መስጠት ይችላል እንበል። ጉድጓዱ 20 ሜትር ቢሆንና ከኃይሉ 65 በመቶው ወደ ውሃው ቢደርስ በደቂቃ 12 ሊትር ገደማ ይወጣል። ቁራጮቹ ጠብቀው ወይም ገመዱን ወደ ቧንቧው የሚያስገባው የታችኛው መሪ ሻክሮ ወደ ውሃው የሚደርሰው 40 በመቶ ብቻ ከሆነ ግን ያው ድካም የሚያወጣው 7 ሊትር ብቻ ነው። ለዚህ ፓምፕ በጣም የሚያስፈልገው የታችኛው መሪ ልስላሴና የቁራጮቹ እኩልነት ነው።

የጎጃም ከፍታ በፓምፕ ላይ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ በሁለት በኩል። ፓምፕ ውሃን የሚስበው በአየር ግፊት ተረድቶ ነው። በባሕር ጠለል ላይ በሐሳብ ደረጃ 10.3 ሜትር የሚሳበው ውሃ፣ በባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ 8.3 ሜትር፣ ወደ 2,450 ሜትር በሚጠጋው ደብረ ማርቆስ ደግሞ 7.7 ሜትር ብቻ ነው። በሥራ ላይ ከዚህ 2 ሜትር ያህል መቀነስ ያስፈልጋል። ዘይት ሲሆን በመሳቢያው ቱቦ ውስጥ ያለው ሰበቃ ስለሚከብድ ማጠራቀሚያውን ከፓምፑ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና ቱቦውን ማወፈር ይገባል። ሁለተኛው በሞተሩ በኩል ነው፤ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ወይም የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። 5 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛ ሞተር በደብረ ማርቆስ 4 እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ለማር የሚሆነው የትኛው ነው?

የሎብ ፓምፕ ነው። ሁለቱ ሎቦች በውጭ በተቀመጡ ማርሾች ስለሚመሩ እርስ በርሳቸው አይነካኩም፤ ብረትም ወደ ማሩ አይፋቅም። ማር በ20 ዲግሪ ከውሃ ብዙ ሺህ ጊዜ ስለሚወፍር ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 ዙር በታች ቢሆን ይመረጣል። ማሩን ማሞቅ ሰበቃውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ከ40 ዲግሪ ብዙ ካለፈ ጠባዩን ያበላሸዋል። የረጋውን ነጭ ማር ሳያለሰልሱ በፓምፕ መሞከር ለሞተሩም ለማሩም ደግ አይደለም።

የመውጫውን ቧንቧ ዘግቶ ፓምፑን ማስነሣት ይቻላል?

በሴንትሪፉጋል ለአጭር ጊዜ ይቻላል። በማርሽ፣ በሎብና በጠመዝማዛ ፓምፕ ግን ፈጽሞ አይቻልም፤ ፈሳሹ መሄጃ ሲያጣ ወይ ቧንቧው ይፈነዳል ወይ ሻፍቱ ይሰበራል። የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ሳይገጠም መነሣት የለበትም።

ፓምፔ ኃይል የሚያባክነው በሰበቃ ይሁን በፍሳሽ እንዴት አውቃለሁ?

ባልዲ፣ የእጅ ሰዓት፣ የግፊት መለኪያና ሞተሩ የሚወስደውን ኤሌክትሪክ የሚያነብ ሰው በቂ ናቸው። በአንድ ዙር 20 ሚሊ ሊትር የሚያሻግር የማርሽ ፓምፕ በደቂቃ 1,450 ጊዜ ቢዞር 29 ሊትር ሊሰጥ ይገባል። በባልዲ ሲለካ 25 ሊትር ከተገኘ 86 በመቶው ደርሷል፣ ቀሪው ወደ ኋላ ሾልኳል። በማጣሪያው ላይ ያለው ግፊት 5 ባር ከሆነ ወደ ፈሳሹ የገባው ኃይል 208 ዋት ነው፤ ሞተሩ ከወሰደው ኤሌክትሪክ የራሱ ብክነት ተቀንሶ ሻፍቱ ላይ የደረሰው 330 ዋት ቢሆን ጠቅላላው ብቃት 63 በመቶ ይሆናል። 63ን ለ86 ስናካፍል የሚገኘው 73 በመቶ የሰበቃው ድርሻ የቀነሰበት ብቃት ነው። በዚህ ምሳሌ በሰበቃ የሚባክነው 27 በመቶ፣ በፍሳሽ የሚባክነው 14 በመቶ ስለሆነ፣ ማርሹን ከመቀየር በፊት ማሸጊያውን፣ ኩሽኔታውንና የሻፍቱን ከሞተሩ ጋር መስመር መያዝ መመርመር ይቀድማል። ልኬቱ ዘይቱ በተመሳሳይ ሙቀት ላይ ሳለ በየሦስት ወሩ ቢደገምና ቢመዘገብ፣ የፍሳሹ ቁጥር መጨመር ሲጀምር ክፍተቱ እየሰፋ መሆኑን ፓምፑ ሥራ ሳያቆም ማወቅ ይቻላል።